የክሮሞዞም ማቅለሚያዎች፦ ኦርሲን፣ ፎይልገን፣ ጂምሳ ወይስ ዳፒ?

ሥር_ጫፍ

ሰላም ለሁላችሁ። የሽንኩርት ሥር ጫፍ ላይ ሚቶሲስን፣ ማለትም የሕዋስ መከፋፈልን፣ ለማየት እየሞከርኩ ነው። የምጠቀመው ቀለም አሴቶ ኦርሲን ነው። ችግሬ ምን መሰላችሁ፣ ሁሉም ነገር ቀይ ይሆናል። ኒውክለሱም ቀይ፣ ሳይቶፕላዝሙም ቀይ፣ የሕዋሱ ግድግዳ ሳይቀር ቀላ ብሎ ይታያል። ክሮሞዞሞቹ እንዳሉ አያለሁ። ግን ጎልተው አይወጡም። ሕዋሶቹም ተደራርበው ስለሚቀሩ መቁጠር አልተቻለም።

አሠራሬ ይህ ነው። ሥሩን በአልኮልና በአሴቲክ አሲድ ፊክስ አደርጋለሁ፤ ሕዋሶቹ ሳይበላሹ ባሉበት እንዲቆዩ ማለት ነው። ፊክሳቲቩ ቀድሞ ተዘጋጅቶ ጠርሙስ ውስጥ የተቀመጠ ነው። ከዚያ በቀጥታ ወደ ቀለሙ እከተዋለሁ። ቀጥሎ ስላይድ ላይ አድርጌ፣ ከቨር ስሊፕ ከድኜ እጨፈልቀዋለሁ።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። ቀለሙን ልቀይር ወይ? ካርሚን፣ ፎይልገን፣ ጂምሳ፣ ዳፒ የሚሉ ስሞች አነባለሁ፤ ልዩነታቸው ግን አልተገለጠልኝም። ሌላው፣ ከመቁጠር አልፌ የሰው ካሪዮታይፕ (የክሮሞዞሞች ሙሉ ስብስብ ሥዕል) ላይ እንደምናያቸው ያሉ ጠቆርና ነጣ ያሉ ባንዶችን ባይ ደስ ይለኛል። በሽንኩርት ይቻላል?

ሐምራዊ

ቀለም ውስጥ የሚቆይበትን ጊዜ ጨምሪ። ሌሊቱን ሙሉ ተይው። ኦርሲኑ 1 በመቶ ከሆነም ወደ 2 በመቶ ከፍ አድርጊው። ክሮሞዞም ደብዝዞ ታየ ማለት ቀለም አልጠገበም ማለት ነው።

መምህረ_ሕዋስ

ሐምራዊ፣ በዚህ አልስማማም። ጀርባው ቀይ በሆነ ስላይድ ላይ ቀለም ሲጨመር ጀርባውም አብሮ ይቀላል። የጎደለው የቀለም ብዛት አይደለም፤ በክሮሞዞሙና በዙሪያው መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ሥር ጫፍ፣ የኔ ልጅ፣ ያንቺ ችግር የተፈጠረው ሥሩ ቀለሙን ከመንካቱ በፊት ነው። ይህን በደንብ ያዢልኝ። ከክሮሞዞም ዝግጅት ሥራ አብዛኛው ያለው ከማቅለም በፊት ነው። ታሪኩም ይህንኑ ይናገራል። እስከ 1956 ድረስ የሰው ክሮሞዞም 48 ነው ይባል ነበር። በዚያ ዓመት ጆ ሂን ቺዮ እና አልበርት ሌቫን ስዊድን፣ ሉንድ ውስጥ 46 መሆኑን አሳዩ። ለዚህ ያበቃቸው አዲስ ቀለም መገኘቱ አልነበረም። ኮልቺሲን የሚባለው መርዝ ሕዋሶቹን ሜታፌዝ ላይ፣ ክሮሞዞሞቹ ተጠቅጥቀው በደንብ በሚታዩበት የመከፋፈል ደረጃ ላይ፣ አስቆመላቸው። ሃይፖቶኒክ ፈሳሽ (ከሕዋሱ ይልቅ ጨው ያነሰው ፈሳሽ) ደግሞ ሕዋሶቹን አሳብጦ ክሮሞዞሞቹን አራራቀላቸው። የተራራቀና የተዘረጋ ክሮሞዞም በተራ ቀለምም ይቆጠራል። የተጠላለፈውን ግን ምንም ቀለም አያድነውም።

አሁን ወደ አሠራርሽ ልምጣ። ሦስት ነገር አየሁ።

መጀመሪያ ፊክሳቲቩ። አልኮልና አሴቲክ አሲድ ተቀላቅለው ሲቀመጡ እርስ በርሳቸው ይዋሃዳሉ፤ ቀስ በቀስ ወደ ኢታይል አሲቴት ይቀየራሉ። ስለዚህ ጠርሙስ ውስጥ የቆየው ፈሳሽ ድሮ የነበረው ፈሳሽ አይደለም። 3 እጅ ኢታኖል፣ 1 እጅ ግላሻል አሴቲክ አሲድ አድርገሽ በምትሠሪበት ቀን ቀላቅይው። ሥሩም ትንሽ፣ ፈሳሹም ብዙ ይሁን።

ሁለተኛው ዋናው ነው። በሃይድሮክሎሪክ አሲድ የማለስለሱን ደረጃ ዘለሽዋል። የዕፅዋት ሕዋስ በፔክቲን የተጣበቀ ግድግዳ አለው። አሲዱ ያንን ማጣበቂያ ይፈታዋል፤ ሕዋሶቹ ሲጨፈለቁ ይለያያሉ። ከዚህም በላይ ሳይቶፕላዝም ውስጥ ያለውን አርኤንኤ በአብዛኛው ያስወግዳል። ያ ቀይ ጀርባሽ በከፊል ከዚያ የመጣ ነው። ሥሩን በ1 ኖርማል (በሊትር 1 ሞል) አሲድ፣ በ60 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ አቆዪው። ሙቀቱን በቴርሞሜትር ለኪ፤ በእጅ ግምት አይሆንም።

ሦስተኛ፣ ሥሩን ከመጨፍለቅሽ በፊት እውነተኛውን ጫፍ ለይ። የሚከፋፈሉ ሕዋሶች ያሉት የመጨረሻዎቹ 1 ወይም 2 ሚሊሜትር ውስጥ ነው። የቀረውን ቁረጪና ጣይ። ሰው ብዙ ጊዜ የማይከፋፈለውን ክፍል ጨፍልቆ ቀለሙን ይወቅሳል።

ሥር_ጫፍ

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የአሲዱን ደረጃ የዘለልኩት በያዝኩት መመሪያ ላይ ስላልነበረ ነው። አንድ ነገር ልጠይቅዎ። አንዳንድ ቦታ አሲዱን ከኦርሲኑ ጋር ቀላቅለው የሚያሞቁት አለ። ያም ይሠራል?

መምህረ_ሕዋስ

ይሠራል። 9 እጅ የ2 በመቶ አሴቶ ኦርሲን፣ 1 እጅ 1 ኖርማል ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ነው። ሥሩን ከዚህ ውስጥ አስገብተሽ ሞቅ ታደርጊዋለሽ። እንዲፈላ ግን አትፍቀጂ። ማለስለሱና ማቅለሙ ባንድ ላይ ያልቃል። ለክፍል ውስጥ ማሳያ ጥሩ ነው። እኔ ግን ሁለቱን ደረጃዎች መለየቱን እመርጣለሁ። ሲበላሽ የትኛው እንደተበላሸ ታውቂያለሽ።

ከዚያ በ45 በመቶ አሴቲክ አሲድ ጠብታ ውስጥ ጨፍልቂው። የተረፈውን ቀለም ከሳይቶፕላዝሙ ያወጣልሻል። ስትጫኚ ከቨር ስሊፑ ወደ ጎን እንዳይንሸራተት ተጠንቀቂ። በማጣሪያ ወረቀት ሸፍነሽ በአውራ ጣትሽ ቀጥ አድርገሽ ጫኚ።

ላብ_ጓደኛ

መምህር በተናገሩት ላይ ስለ ኦርሲኑ ራሱ ልጨምር። ብዙ ሰው ቀለሙን በ45 በመቶ አሲድ አዘጋጅቶ ለወራት ያስቀምጠዋል። ኦርሲን እንዲህ ሲቀመጥ ዝቃጭ ይሠራል። ዝቃጩ ስላይድ ላይ እንደ ጥቁር ነጠብጣብ ይታያል፤ ጀማሪ ሰው ክሮሞዞም ነው ብሎ ሊቆጥረው ይችላል።

የተሻለው መንገድ ይህ ነው። 2.2 ግራም ኦርሲን በ100 ሚሊሊትር ግላሻል አሴቲክ አሲድ ውስጥ አሟሙቶ ማስቀመጥ ነው። ይህ ሳይበላሽ ይቆያል። በምትሠሪበት ቀን ከእሱ 45 ሚሊሊትር ወስደሽ 55 ሚሊሊትር ውሃ ትጨምሪበታለሽ፤ ወደ 1 በመቶ ይሆናል። ከዚያ ታጣሪዋለሽ። ላ ኩር በ1941 ይህን ቀለም ሲያስተዋውቅ የጻፈው አሠራር ይኸው ነው።

ደግሞ የኦርሲን ዱቄት ከጠርሙስ ጠርሙስ ይለያያል። ኦርሲን አንድ ንጥረ ነገር አይደለም። ሊከን ከሚባለው፣ ድንጋይና ዛፍ ላይ ከሚለጠፈው ፍጥረት የሚወጣ የብዙ ተቀራራቢ ቀለሞች ድብልቅ ነው። በላቦራቶሪ የሚሠራም አለ። አንዱ ጠርሙስ አምሮ ሲያቀልም ሌላው ፍዝዝ ሊል ይችላል። ባዮሎጂካል ስቴይን ኮሚሽን የሚባለው ድርጅት ቀለሞችን በየምርት ዙሩ እየፈተነ የሚያረጋግጠው ለዚህ ነው። ጠርሙሱ ላይ ማረጋገጫው ካለ የተሻለ ዕድል አለሽ።

ሐምራዊ

ስለ አሲዱ የተባለው ገብቶኛል። ግን ካርሚንን ለምን ማንም አላነሳውም? የአበባ ወንዴ ክፍል ውስጥ ሜዮሲስን (የዘር ሕዋሶች የሚገኙበትን መከፋፈል) ለማየት እኔ ከአሴቶ ካርሚን የተሻለ አላየሁም።

መምህረ_ሕዋስ

ትክክል ነህ። ለአበባ ዱቄት እናት ሕዋሶች ካርሚን ዛሬም ተወዳዳሪ የለውም ማለት ይቻላል። ቤሊንግ በ1921 ያስፋፋው ዘዴ ነው። ቀለሙ የሚገኘው ኮቺኒል ከሚባል፣ ቁልቋል ላይ ከሚኖር ነፍሳት ነው። ካርሚን ከኦርሲን የሚለይበት አንድ ነገር አለ። ብረት ይፈልጋል። ጥቂት ብረት ሲያገኝ ክሮሞዞሙ ላይ ጠንክሮ ይይዛል፤ ቀለሙም ከቀይ ወደ ጠቆር ያለ ወይን ጠጅ ይሄዳል። የድሮ ሰዎች ሕዋሱን በብረት መርፌ ሲበታትኑት ከመርፌው የሚወጣው ብረት ይበቃቸው ነበር። ዛሬ አንድ ሁለት ጠብታ የፌሪክ ክሎራይድ ወይም የፌሪክ አሲቴት ፈሳሽ ይጨመራል። ከበዛ ግን ሁሉንም ያጠቁራል፤ ይዘቅጣልም።

ኦርሲን ብረት አያስፈልገውም። ለሥር ጫፍ፣ ለፍሬ ዝንብ የምራቅ ዕጢ ክሮሞዞምም እሱን እመርጣለሁ። በነገራችን ላይ የዝንቡን ክሮሞዞም ያላየ ሰው ካለ ይሞክረው። በኦርሲን ብቻ በመቶዎች የሚቆጠሩ ባንዶች ይወጣሉ። ያንን ባንድ ቀለሙ አልፈጠረውም። ክሮሞዞሙ ራሱ በሺህ የሚቆጠር የዲኤንኤ ቅጂ ጎን ለጎን ደርድሮ የያዘ ስለሆነ ነው።

ማጀንታ

እስካሁን ሁላችሁም ስለ ፎይልገን ዝም ብላችኋል። እኔ ዝም ማለት አልችልም፤ በጣም የምወደው ዘዴ ነው።

ኦርሲንም ካርሚንም ክሮሞዞምን «ይወዳሉ» እንጂ ዲኤንኤን ለይተው አያውቁም። ቶሉዲን ብሉና ሜቲሊን ብሉም እንዲሁ ናቸው። ፖዘቲቭ ቻርጅ ያላቸው ቀለሞች ኔጋቲቭ ቻርጅ ወዳለው ፎስፌት ይሳባሉ። ፎስፌቱ የዲኤንኤ ይሁን የአርኤንኤ ግድ የላቸውም። ለዚህ ነው በኒውክለሱ ውስጥ ያለው ኑክሊዮለስና ሳይቶፕላዝሙ አብረው የሚቀሉት።

ፎይልገን ከዚህ የተለየ ነው። ሮበርት ፎይልገን እና ሃይንሪክ ሮሰንቤክ በ1924 ያወጡት ኬሚካላዊ ሂደት ነው። የ1 ኖርማሉ አሲድ በ60 ዲግሪ አዴኒንና ጓኒን የሚባሉትን ቤዞች ከዲኤንኤ ላይ ይነቅላል። የተነቀሉበት ቦታ ላይ ያለው ስኳር ተከፍቶ አልዲሃይድ ይሆናል። ከዚያ ሺፍ ሪኤጀንት የሚባለው ፈሳሽ ይመጣል። ሺፍ ቀለም የለውም። ቤዚክ ፉክሲን በሰልፋይት ቀለሙን አጥቶ የተገኘ ነው። አልዲሃይድ ሲያገኝ ግን ይያያዛል፤ ደማቅ ማጀንታ ይሆናል። አርኤንኤ በዚህ አሠራር አይቀላም። ስለዚህ ሳይቶፕላዝሙ ነጭ፣ ክሮሞዞሙ ማጀንታ ሆኖ ቁጭ ይላል። ሥር ጫፍ፣ አንቺ የምትፈልጊው ይህ ነው።

እዚህ ላይ የአሲዱ ሰዓት ለሕዋስ ማለስለሻ ብቻ አይደለም፤ ኬሚስትሪው ራሱ ነው። ካነሰ በቂ አልዲሃይድ አይፈጠርም፤ ቀለሙ ይገረጣል። ከበዛ ደግሞ ዲኤንኤው ተቆራርጦ ወደ ፈሳሹ ይወጣል፤ እንደገና ይገረጣል። ሁለቱም ስህተት አንድ መልክ ነው ያላቸው። በአልኮልና አሴቲክ አሲድ ፊክስ ለተደረገ የሥር ጫፍ 8 ደቂቃ ጥሩ መነሻ ነው። ከዚያ አንዱን ሥር በ6፣ አንዱን በ8፣ ሌላውን በ10፣ ሌላውን በ12 ደቂቃ አውጥተሽ አወዳድሪ። ምርጡን ከዚያ ታገኛለሽ። በክፍል ሙቀት መሥራት ከፈለግሽ 5 ኖርማል አሲድ መጠቀም ይቻላል። ረዘም ይላል፤ ግን ደቂቃ ብትስቺ ያን ያህል አይጎዳሽም። እኔ ይህንን እመርጣለሁ።

ሁልጊዜ አንድ ሥር አሲድ ሳይነካው በቀጥታ ሺፍ ውስጥ አስገቢ። ያ ሥር ሳይቀላ መቅረት አለበት። ከቀላ፣ ያየሽው ቀለም የዲኤንኤ ምልክት አይደለም፤ ከሌላ አልዲሃይድ የመጣ ነው። ግሉታራልዲሃይድ ፊክስ ያደረገ ሰው ላይ ይህ ይደርሳል።

ሺፉን በጨለማ ጠርሙስ፣ በቀዝቃዛ ቦታ፣ አጥብቀሽ ከድነሽ አስቀምጪ። ወደ ሮዝ ከተለወጠ ሰልፋይቱ አልቋል ማለት ነው፤ አትጠቀሚበት። ስትገዢ ፓራሮዛኒሊን የሚለውን፣ የቀለም መለያ ቁጥሩ 42500 የሆነውን ፈልጊ። ቤዚክ ፉክሲን በሚል ስም የሚሸጠው ብዙ ጊዜ የበርካታ ቀለሞች ድብልቅ ነው።

ላብ_ጓደኛ

ማጀንታ ያልጠቀሰችው ትልቅ ጥቅም አለ። የፎይልገን ቀለም መጠን ከዲኤንኤው መጠን ጋር አብሮ ይሄዳል። ሁሉንም ስላይድ እኩል ካስተናገድሽ፣ ብርሃን ምን ያህል እንደተዋጠ ለክተሽ የአንዱን ኒውክለስ ዲኤንኤ ከሌላው ጋር ማወዳደር ትችያለሽ። ዲኤንኤ ከሚባዛበት ከኤስ ደረጃ በኋላ ያለ ኒውክለስ ከመባዛቱ በፊት ካለው እጥፍ ይለካል። ኦርሲን ለዚህ አይሆንም።

ባንድ_ቆጣሪ

የሁለተኛው ጥያቄ እስካሁን ስላልተመለሰ እኔ ልሞክር። ሥራዬ የሰው ካሪዮታይፕ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የማየው ጂምሳ ነው።

ቀጥታ መልሱ ይህ ነው። በሽንኩርት እንደ ሰው ያለ ጂ ባንድ (በጂምሳ የሚወጣ ጠቆርና ነጣ ያለ ባንድ) አታገኚም። በሌሎች ዕፅዋትም ብዙ ሰው ሞክሮ አጥጋቢ ውጤት አላገኘም። የተለመደው ማብራሪያ የዕፅዋት ሜታፌዝ ክሮሞዞም ከሰው ይበልጥ ተጠቅጥቆ የታጠፈ በመሆኑ በአጉሊ መነጽር የሚለይ ባንድ አይቀርም የሚል ነው። ስለዚህ በዚህ ጊዜሽን አትጨርሺ።

ጂምሳ ምን እንደሚሠራ ግን ብታውቂ ጥሩ ነው። ጉስታፍ ጂምሳ በ1904 ያወጣው ለወባ ምርመራ ነበር። ሜቲሊን ብሉ፣ ከእሱ የሚገኙ አዙሮች እና ኢዮዚን የተቀላቀሉበት ነው። እንዲሁ ክሮሞዞም ላይ ብታደርጊው ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ወይን ጠጅ ይሆናል። ለመቁጠር፣ ወይም በጨረር የተሰበረ ክሮሞዞም ለመፈለግ ይህ ይበቃል። እንዲያውም ይመረጣል፤ ስብራቱ በግልጽ ይታያል።

ባንድ የሚመጣው ከማቅለም በፊት በሚደረግ ነገር ነው። ማሪና ሲብራይት በ1971 ትሪፕሲን የሚባል ኢንዛይም ተጠቀመች። ስላይዱ መጀመሪያ እንዲያረጅ ይደረጋል። ለምሳሌ ሌሊቱን በ60 ዲግሪ ይቆያል። ከዚያ ትሪፕሲን ውስጥ ለጥቂት ሰከንድ ወይም ለደቂቃ ይነከራል፤ ከዚያ ጂምሳ። ትሪፕሲን ከክሮሞዞሙ ላይ የተወሰነ ፕሮቲን ይቆርጣል። አዴኒንና ታይሚን የሚበዛበት፣ ጂን የሚያንስበት፣ ዘግይቶ የሚባዛው ክፍል ጠቁሮ ይቀራል። ጂን የሚበዛበት ክፍል ይነጣል።

የትሪፕሲኑ ሰዓት ነው ሥራውን አድካሚ የሚያደርገው። ትንሽ ከሆነ ክሮሞዞሙ ጥቁር እንጨት መስሎ ይቀራል። ከበዛ ያብጣል፤ ዳሩ ይቦጫጨቃል፤ ባንዱ ይደበዝዛል። እርጥበቱ፣ የስላይዱ ዕድሜ፣ የትሪፕሲኑ ጥንካሬ ሁሉ ሰዓቱን ይቀይሩታል። ለዚህ ነው ሁልጊዜ አንድ የሙከራ ስላይድ አስቀድሜ የማሳልፈው። መጽሐፍ ላይ የተጻፈውን ሰከንድ ብቻ ተማምኖ ሁሉንም ስላይድ መንከር የታካሚን ናሙና መጣል ነው። ይህን በቁጣ ጭምር ነው የምጽፈው። ናሙናው ብዙ ጊዜ እንደገና አይገኝም።

ጂምሳውን በፎስፌት በፈር (ፒኤቹን በሚጠብቅ ፈሳሽ)፣ ፒኤች 6.8 ላይ አሟሙቱት። ፒኤቹ ከወረደ ሮዝ ይሆናል፤ ከወጣ ሰማያዊነቱ ይበዛል። የተበጠበጠ ጂምሳ ቶሎ ይበላሻል፤ በላዩ ላይ የሚያብረቀርቅ ስስ ሽፋን ይሠራል። ስላይዱን በዚያ ሽፋን ውስጥ አታሳልፉት። ቅንጣቶቹ ክሮሞዞሙ ላይ ይለጠፋሉ።

ሥር_ጫፍ

ባንድ ቆጣሪ፣ በጣም ነው የማመሰግነው። እና በሽንኩርት ምንም ዓይነት ባንድ የለም ማለት ነው?

ባንድ_ቆጣሪ

የለም አላልኩም። ሲ ባንድ አለ። ስላይዱን በባሪየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ አሳልፈሽ፣ ከዚያ በሞቀ የጨው በፈር፣ በመጨረሻ በጂምሳ። ይህ ጥብቅ ሆኖ የሚኖረውን ሄትሮክሮማቲን ብቻ ያጠቁራል። በሽንኩርት ላይ በአብዛኛው የክሮሞዞሙ ጫፎች ላይ ታዪዋለሽ። በሰው ላይ ሴንትሮሜሩ (ጠበብ ያለው የክሮሞዞሙ ወገብ) አካባቢ፣ በተለይ ክሮሞዞም 1፣ 9፣ 16 ላይ፣ እንዲሁም የዋይ ክሮሞዞም ረጅሙ ክንድ ላይ ጎልቶ ይወጣል። እንደ ጂ ባንድ እያንዳንዱን ክሮሞዞም አይለይልሽም። ግን ለዕፅዋት የታወቀና የሚሠራ ዘዴ ነው።

የብር ናይትሬትም አለ። የኑክሊዮለስ አደራጅ የሚባሉትን፣ የሪቦዞም አርኤንኤ ጂኖች ያሉባቸውን ቦታዎች ያጠቁራል። በሰው ላይ በክሮሞዞም 13፣ 14፣ 15፣ 21 እና 22 አጭር ክንድ ላይ ነው። ጂኑ መኖሩን ሳይሆን ቀድሞ ሲሠራ እንደነበር ያሳያል።

ሰማያዊ_ብርሃን

የፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ ካላችሁ ይህ ሁሉ ልፋት ምን ያደርጋል? ዳፒ ጠብ ማድረግ፣ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ፣ ማየት። ጀርባው ጥቁር ነው፤ ክሮሞዞሙ ደማቅ ሰማያዊ። አሲድ የለ፣ ማፍላት የለ። 358 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ብርሃን ይውጣል፤ 461 አካባቢ ያወጣል። ከዲኤንኤ ጋር ሲያያዝ ብርሃኑ በብዙ እጥፍ ስለሚጨምር ማጠቡ እንኳን አያስጨንቅም።

ለዚህ ሁሉ መነሻው ፍሎረሰንስ መሆኑንም አትርሱ። ካስፐርሰን እና ዜክ በ1970 የሰውን ክሮሞዞሞች በባንድ የለዩት በኩዊናክሪን ነበር። ከትሪፕሲኑ ቀድሞ ማለት ነው። የዋይ ክሮሞዞም ጫፍ በኩዊናክሪን እንደ መብራት ያበራል።

ማጀንታ

ዳፒን እኔም እወዳለሁ። «አሲድ የለ» የሚለው ግን ለሥር ጫፍ አይሠራም። ግድግዳውን በአሲድ ወይም በኢንዛይም ካልፈታሽው ሕዋሶቹ ተደራርበው ይቀራሉ። ያን ጊዜ የምታዪው የሚያምር ሰማያዊ ክምር ነው።

ሌላው፣ የዳፒ ድምቀት የዲኤንኤ መጠን አይደለም። ዳፒ የሚገባው አዴኒንና ታይሚን በተከታታይ ባሉበት፣ በዲኤንኤው ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ነው። የአይጥ ኒውክለስ ውስጥ ደማቅ ነጥቦች የምናየው ሳተላይት ዲኤንኤው በእነዚህ ሁለት ቤዞች የበለጸገ ስለሆነ ነው። የሁለት ዝርያዎችን የዲኤንኤ መጠን በዳፒ ብታወዳድሩ የቤዛቸው ስብጥር ልዩነት መጠን መስሎ ይታያል። ለዚያ ፕሮፒዲየም አዮዳይድ ይሻላል፤ ቤዝ ሳይመርጥ በጥንዶቹ መካከል ይገባል። አርኤንኤም ስለሚይዝ ግን መጀመሪያ አርኤንኤዝ (አርኤንኤን የሚቆራርጥ ኢንዛይም) ያስፈልጋል።

ሰማያዊ_ብርሃን

በዚህ እስማማለሁ። ይኸው ምርጫው ግን ጥቅምም አለው። ዳፒን ከክሮሞማይሲን ኤ3 ጋር አብራችሁ ተጠቀሙ። ክሮሞማይሲን ጓኒንና ሳይቶሲን የበዛበትን ይመርጣል። አንዱ ያደመቀውን ሌላው ያደበዝዛል። ባንድ ለማይሰጡ የዕፅዋት ክሮሞዞሞች ይህ ጥሩ መለያ ነው። ሥር ጫፍ ፍሎረሰንስ ካገኘች ከጂምሳው ይልቅ ይህንን ትሞክር። ብርሃኑ ቶሎ እንዳይደበዝዝ መከላከያ ያለው መክደኛ ፈሳሽ መጠቀም አለባት፤ ፎቶውንም ቶሎ ታንሳ።

ጥንቃቄ

በዚህ ሁሉ መሃል ስለ ጤንነት ማንም አልተናገረም። ኮልቺሲን የሕዋስ መከፋፈልን የሚያስቆም መርዝ ነው። ያንቺንም ሕዋስ አይምርም። ጓንት አድርጊ፤ ዱቄቱን በአየር ላይ አትመዝኚ። ለሽንኩርት ከሆነ ሥሩን በበረዶ ውሃ ውስጥ 24 ሰዓት ያህል ማቆየት ክሮሞዞሞቹን ያሳጥርልሻል፤ ሜታፌዝም ያጠራቅማል። ኮልቺሲን የግድ አይደለም። ግላሻል አሴቲክ አሲድ እና ሃይድሮክሎሪክ አሲድ የአየር መሳቢያ ባለበት ቦታ ይሠሩ። ከዲኤንኤ ጋር የሚያያዝ ቀለም ሁሉ፣ ዳፒም ፕሮፒዲየምም፣ በጓንት ይያዝ። ወደ ቧንቧ አይደፋ።

ሥር_ጫፍ

ተመልሻለሁ። ፊክሳቲቩን በዕለቱ አዘጋጀሁ። የበረዶ ውሃውን ተጠቀምኩ። አሲዱን በ60 ዲግሪ፣ 8 ደቂቃ አደረግሁ። ቀለሙ ያው የድሮው ኦርሲን ነው፤ አጣርቼዋለሁ። ሳይቶፕላዝሙ ጠርቷል! ሕዋሶቹ ተለያይተው ተኝተዋል። አንድ ሜታፌዝ ላይ 16ቱንም ክሮሞዞም ለይቼ ቆጠርኩ። መምህር፣ ምርቃትዎ ይድረሰኝ።

ቀጥሎ ፎይልገንን እሞክራለሁ፤ ሺፉን አግኝቻለሁ። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ይህን ስላይድ ማስቀመጥ እፈልጋለሁ። ዳሩን በጥፍር ቀለም ዘግቼዋለሁ። ይቆያል?

መምህረ_ሕዋስ

ተባረኪ የኔ ልጅ። ደስ ብሎኛል።

በጥፍር ቀለም የተዘጋው ለቀናት ነው የሚሆነው። በቅዝቃዜ ብታስቀምጪው ትንሽ ይረዝማል። አሴቲክ አሲዱ ቀስ እያለ ይተናል፤ አየር ይገባል፤ ቀለሙም ይዘቅጣል። ስለዚህ ዛሬውኑ ፎቶ አንሺው።

ለዘለቄታው ሌላ መንገድ አለ። ቀጥሎ የምትሠሪውን ስላይድ አትዝጊው። በደረቅ በረዶ ላይ ወይም በፈሳሽ ናይትሮጅን አቀዝቅዢው። በረዶ ሲሆን የምላጭ ጫፍ ከከቨር ስሊፑ ጥግ ሥር አስገብተሽ ባንዴ አንሺው። ቀስ ብለሽ ካነሳሽው ሕዋሶቹ አብረውት ይወጣሉ። በረዶው ሳይቀልጥ ፍጹም አልኮል ውስጥ ክተቺው። ከዚያ ሁለተኛ ንጹሕ አልኮል። ከዚያ በዩፓራል (ለስላይድ መክደኛ በሚሆን ሙጫ) አዲስ ከቨር ስሊፕ ክደኚ። ዩፓራል ከአልኮል በቀጥታ ስለሚቀበል ዛይሊን አያስፈልግሽም። እስኪደርቅ አግድም አስተኝተሽ ተይው።

የፎይልገኑን ስላይድም በዚሁ መንገድ አድርጊው። እሱ ከኦርሲኑ በተሻለ ቀለሙን ይይዛል። ብርሃን ከሌለበት ሳጥን ውስጥ ካስቀመጥሽው ለዓመታት ይቆይሻል። ጠርዙ ላይ በእርሳስ የአሲዱን ደቂቃ ጻፊበት።